የዋኻን ምሽጎች ወዴት ያያሉ?



ከኢሽካሺም ተነሥቼ በታጂኪስታን በኩል፣ የፓንጅን ወንዝ ተከትሎ ወደ ምሥራቅ የሚዘልቀውን የዋኻን መንገድ በመኪና የተጓዝሁት ፍርስራሾችን ለማየት ብቻ ነበር። ወንዙ በስተቀኝ ይፈስሳል፤ ማዶው አፍጋኒስታን ነው፤ ከበላዩ የሂንዱ ኩሽ በረዷማ ጫፎች ይታያሉ። መንገዱ አቧራማና ጎርባጣ ስለሆነ ለማሰብ ጊዜ ይሰጣል።

በናማድጉት የሚገኘው የካኽካ ምሽግ በወንዙ አጠገብ በአለት ላይ ተቀምጧል። በቅርቡ ዘመን ድንበር ጠባቂዎች ሰፍረውበታል። ይህን ያየ መንገደኛ «ጥንትም ማዶውን ለመጠበቅ ተሠራ» ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም፤ እኔም እንደዚያው አስቤ ነበር።

ያምቹን ስደርስ ሐሳቤን ለወጥሁ። ይህ ምሽግ ከወንዙ ርቆ በከፍታ ላይ ይገኛል። ወደ እርሱ የሚያወጣው ጠመዝማዛ አቀበት መኪናችንን አስቃስቷታል። ከክብ ማማዎቹ ሥር ቆሞ ቁልቁል ለሚመለከት ሰው ጎልቶ የሚታየው የሸለቆው ርዝመት ነው፤ ማን እንደሚመጣና ማን እንደሚሄድ። ምሽጉ የሚጠብቀው መንገዱን ነው ለማለት የደፈርሁት ስለዚህ ነው። ወንዙን የግዛት ድንበር ያደረጉት እንግሊዝና ሩሲያ እ.ኤ.አ. በ1895 ያደረጉት ስምምነትና በዚያ ዘመን የተደረጉ መሰል ውሎች ናቸው፤ ከዚያ በፊት ሁለቱም ዳርቻዎች የአንድ የዋኻን መስፍን ግዛት ነበሩ።

የአካባቢው ሰዎች ምሽጎቹን የሠሩት «ሲያህፑሽ»፣ ማለትም ጥቁር ለባሾች ናቸው ይላሉ። ብዙ አጥኚዎች ግን መነሻቸውን ወደ 2000 ዓመት ገደማ ወስደው ከኩሻን መንግሥት ዘመን ጋር ያያይዙታል። ኩሻን ለእኛ ፈጽሞ ባዕድ ስም አይደለም፤ በደብረ ዳሞ ከ100 በላይ የኩሻን የወርቅ ሳንቲሞች ተገኝተዋል። ሳንቲሞቹ በዚህ ሸለቆ አለፉ ማለቴ አይደለም፤ በህንድ በኩል በባሕር እንደመጡ ማሰብ ይቀልላል። ሆኖም አክሱምና ይህ ተራራ በአንድ የንግድ ዓለም ሁለት ዳር እንደነበሩ ያሳያሉ።

ዛሬ የዋኺ ቋንቋ ተናጋሪዎች በታጂኪስታን፣ በአፍጋኒስታን፣ በፓኪስታንና በቻይና ተከፋፍለው ይኖራሉ። ከያምቹን ስንወርድ ሾፌሩ በማዶ ያለ አንድ መንደር በጣቱ አሳየኝ። የአያቱ ወንድም ልጆች እዚያ ይኖራሉ፤ ስማቸውን አንድ በአንድ ጠራልኝ፤ መልካቸውን ግን አያውቅም።