ዘፈን በመስታወት ሣጥን፦ የዘመናዊ ሙዚቃ ቅርስና የጉራጊኛ ጥያቄ

ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1908 ጀርመን ሀገር ድምፃቸውን በሸክላ ካስቀረጹበት ጊዜ አንሥቶ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ የሕጉ ዓመት ሲቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የኢትዮጵያ ዘፈን ከዘፋኙ ተለይቶ የሚቀመጥ፣ የሚሸጥና የሚወረስ ንብረት ሆኗል፤ ይህ ንብረት የት፣ በማን እጅና በምን ሁኔታ ለሕዝብ ይታይ የሚለው ጥያቄ ግን ከመቶ ዓመት በኋላም እልባት አላገኘም።

ሸክላ ከውጭ የማስገባትና የማሳተም መብት በ1948 በንጉሣዊ ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ሲሆን፣ ወጣቱ አምሃ እሸቴ በ1969 ይህን ክልከላ ተጋፍቶ አምሃ ሪከርድስን በማቋቋም እስከ 1975 ድረስ 103 ባለ ሁለት ዘፈን ሸክላዎችንና 12 አልበሞችን አውጥቷል። ሸክላዎቹ በመጀመሪያ በህንድ፣ ኋላም በሊባኖስ ይታተሙ ነበር። አብዮቱ ሲመጣ አምሃ ወደ አሜሪካ ተሰደደ፣ የሰዓት እላፊ የምሽት ክበቦችን ድምፅ አጠፋ፣ ካሴትም ሸክላን ተካ። በመጨረሻም ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» በተሰኘ ተከታታይ እትም ይህንኑ ሙዚቃ ለዓለም ሲያስተዋውቅ፣ የአዲስ አበባ ድምፅ ከሀገሩ ይልቅ በፓሪስ በተሟላ መልኩ የሚገኝበት አሳዛኝ ሁኔታ ተፈጠረ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የጉራጌ ድርሻ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ጉራጊኛ ማለት ፈጣንና ጠንካራ ምት ያለው፣ አውጪውና ተቀባዩ በጭብጨባ የሚመላለሱበት፣ ጨፋሪው ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን እያነሣ መሬቱን የሚደቃበት ስልት ሲሆን፣ ከቸሃ፣ ከእዣና ከሌሎች የሰባት ቤት ጉራጌ መንደሮች ለሥራ በወጡ ሰዎች አማካይነት መርካቶ ደርሶ ወደ ኦርኬስትራው ገብቷል። ከጉራጌ ቤተሰብ በ1941 አዲስ አበባ የተወለደው ዘፋኙ ማሕሙድ አሕመድም ያደገው በዚያው መርካቶ ነው። እንግዲህ የጉራጊኛ አውደ ርዕይ የሚዘጋጀው ሸክላው በተቀረጸባት አዲስ አበባ ነው፣ ወይስ ምቱ በተወለደባቸው በወልቂጤ፣ በአታትና በቡታጅራ? በኪንግስተን የቦብ ማርሊ፣ በዲትሮይት የሞታውን ሙዚየም ዘፈኖቹ በተቀረጹባቸው ቤቶች ውስጥ መከፈታቸው ለመጀመሪያው አሳብ ያደላል። ይሁን እንጂ ጉራጊኛ ከስቱዲዮው በፊት ሜዳ ላይ የኖረ ስለሆነ፣ ዋናው ሸክላ ጥሩ ማከማቻ ባለበት ቢቀመጥም ቅጂውና ታሪኩ ወደ ወልቂጤ መመለሱ ተገቢ ነው።

የአውደ ርዕይ አስተዳደር ከባዱ ሥራ ግን ከቦታ ምርጫው በኋላ የሚጀምር ነው። ሸክላ ተደራርቦ ከተኛ ስለሚጎብጥ እንደ መጽሐፍ ቆሞ መደርደር፣ ሲነሣም የጣት ቅባት ድምፅ ወዳለበት መስመር እንዳይገባ በጠርዙ ብቻ መያዝ አለበት። ክር፣ ማለትም ድምፅ በማግኔት የሚያዝበት ቀጭን ጥብጣብ፣ ከዚህም የባሰ ደካማ ነው፤ የክረምት እርጥበት ማጣበቂያውን ስለሚያሟሟው ማጫወቻው ላይ እየተጣበቀ ያንቋርራል፣ ቡናማ ዱቄትም ያራግፋል። እንዲህ ያለው ክር በባለሙያ ቁጥጥር በዝቅተኛ ሙቀት ከደረቀ በኋላ ቶሎ ወደ ዲጂታል ካልተገለበጠ ዘፈኑ ከዱቄቱ ጋር አብሮ ይጠፋል። ለሣጥንና ለመብራት የሚወጣው ገንዘብ አስቀድሞ ለዚህ ቢውል ይሻላል።

ሁለተኛው ጉዳይ መብት ነው። አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለግጥምና ለዜማ ደራሲ ዕድሜውን ሙሉ እና ከሞቱ በኋላ 50 ዓመት፣ ለድምፅ ቀረጻ አዘጋጅም 50 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል። በዚህ ስሌት በ1970ዎቹ መጀመሪያ የወጣ ሸክላ የአዘጋጁ ዘመን ቢያበቃም የዜማ ደራሲው መብት ገና ሊቀጥል ስለሚችል፣ ሙዚየሙ ሸክላውን በመግዛቱ ብቻ ዘፈኑን ለጎብኚ የማሰማት ፈቃድ አግኝቷል ማለት አይደለም።

በመንደር የሚዘፈነው ጉራጊኛ ደግሞ በአብዛኛው ደራሲው የማይታወቅ የጋራ ሀብት በመሆኑ ከዚህ ስሌት ውጭ ይወድቃል፤ ክፍተቱንም መሙላት የሚችለው አዘጋጁ ከሕዝቡ ጋር የሚገባው ስምምነት ነው። ስለዚህ በአታት ዙሪያ የሚቀረጽ እያንዳንዱ ዘፈን የአውጪው፣ የተቀባዮቹና የመንደሩ ስም፣ የተዘፈነበትም ምክንያት፣ መስቀል ይሁን ሠርግ፣ አብሮ ሊመዘገብ፣ ወደ ወልቂጤ ከሚላከው ቅጂ ቀድሞም አንድ ቅጂ ለዘፋኞቹ ሊሰጥ ይገባል።