ከመጠጥና ከእስር ወጥቶ ሌላውን ማውጣት



በከተማችን በቤር ሼቫ ዳር እሼልና ኦሃሌ ኬዳር የሚባሉ ወህኒ ቤቶች አሉ። ልጃቸውን ወይም ባላቸውን ለመጠየቅ ወደዚያ ከሚሄዱት መካከል የእኛም እናቶች ይገኛሉ። ነጠላቸውን ተከናንበው ይሄዳሉ፤ ጎረቤት ሲጠይቃቸው ግን «ልጄ ለሥራ ራቅ ብሎ ሄዷል» ይላሉ። እኛም እውነቱን እያወቅን «እግዜር በሰላም ይመልሰው» ብለን እናልፋለን።

በአገር ቤት ጠላ የሚጠመቀው ለበዓል፣ ለሠርግ ወይም ለደቦ ነበር። የጠጣ ሰው የሚጠጣው በሽማግሌ ፊት ነው፤ ሲያበዛም «በቃህ» የሚለው አይጠፋም። እዚህ ግን ቮድካውም ቢራውም በየማኮሌቱ ተደርድሯል። ከ2010 ጀምሮ ከሌሊቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በሱቅ መሸጥ በሕግ ተከልክሏል፤ ቀኑ ግን ረጅም ነው። የዚህ አገር ሰዎች «ዓራክ» የሚሉት መጠጥ ስሙ ከእኛ አረቄ ጋር አንድ መሆኑን ልብ ያለ ሁሉ ያውቀዋል። ወጣቶቻችን ደግሞ ከመጠጡ አልፈው ሐሺሽና ከዚያም የከፋ ነገር ያገኛሉ። ከዚያ ዕዳ፣ ጠብ፣ ስርቆት፣ ፖሊስ ይከተላል።

ዛሬ የምናነሣው ታሪክ የሩቅ አገር ታሪክ ነው፤ የተጀመረውም በክርስቲያኖች መካከል ነው። እኛን የሚመለከተው በምን እንደሆነ ወደ ኋላ ላይ እንመጣበታለን።

ኤቢ ታቸር በ1896 በአሜሪካ፣ ኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት፣ ኦልባኒ በምትባል ከተማ ከታወቀ ባለጸጋ ቤተሰብ ተወለደ። መጠጥ ሀብቱንም ክብሩንም በላበት። በ1934 የበጋ ወራት ቬርሞንት ውስጥ ባለው የቤተሰቡ ቤት ብቻውን ተቀምጦ ሲጠጣ፣ የቤቱን አዲስ ቀለም አበላሹብኝ ብሎ በርግቦች ላይ ጠመንጃ ተኮሰ። ፖሊስ ያዘው፤ ዳኛው ፊት ቀረበ። ከዚያ በፊትም ስለ ስካር ተይዞ ያውቅ ነበርና አሁን ወደ አእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሊላክና ሊዘጋበት ነበር።

በዚህ ጊዜ ኦክስፎርድ ቡድን የሚባል የክርስቲያኖች ማኅበር አባላት ደረሱለት። ከእነርሱ አንዱ ሮላንድ ሃዛርድ ራሱ በመጠጥ የተጎዳ ሰው ነበር። ሌላው የዳኛው ልጅ ነበር። ዋስ ሆነው አስፈቱት። የዚያ ማኅበር ልማድ ጥፋትን ለሌላ ሰው ተናዝዞ መናገር፣ የበደሉትን መካስ፣ መጸለይና ሌላውን መርዳት ነበር። ኤቢም ይህን ተቀብሎ ወደ ኒው ዮርክ ሄደ፤ አንድ ቤተ ክርስቲያን ለችግረኞች ባዘጋጀው ማረፊያ ተጠጋ።

በኅዳር ወር 1934 የድሮ የመጠጥ ጓደኛውን ቢል ዊልሰንን ሊጠይቅ ብሩክሊን ሄደ። ቢል የአክሲዮን ነጋዴ የነበረና በመጠጥ ሥራውን ያጣ ሰው ነው። እንደ ልማዱ መጠጥ ቀዳለት፤ ኤቢ አልፈልግም አለ። ስብከት አልሰበከም። በእርሱ ላይ የደረሰውን፣ እንዴት እንደ ወጣም ነገረውና ሄደ። ቢል ወዲያው አላቆመም፤ በታኅሣሥ ወር ሆስፒታል ገባ። ሆስፒታል ሳለም እግዚአብሔርን ጠራ፤ ከዚያ በኋላ በ1971 እስከ ሞተበት ቀን ድረስ መጠጥ አልቀመሰም።

የነገሩ ቁልፍ ግን ቀጥሎ የመጣው ነው። በግንቦት 1935 ቢል ለንግድ ጉዳይ ኦሃዮ ውስጥ አክሮን ወደምትባል ከተማ ሄዶ ጉዳዩ ከሸፈበት። ሆቴሉ ውስጥ ብቻውን ቆሟል፤ በአንድ በኩል ከመጠጥ ቤቱ ሳቅ ይሰማል። እንደገና ሊወድቅ መሆኑን ተረዳ። የሚያድነው እንደ እርሱ ያለ ሌላ ጠጪ አግኝቶ ማናገር ብቻ መሰለው፤ ስለዚህ የቤተ ክርስቲያን ስም ዝርዝር አይቶ ስልክ መደወል ጀመረ። በሰው በሰው ዶክተር ቦብ ስሚዝ ከሚባል በመጠጥ ከተጎዳ የቀዶ ጥገና ሐኪም ጋር አገናኙት። ሐኪሙ የፈቀደለት ሩብ ሰዓት ብቻ ነበር፤ ወሬያቸው ግን ሰዓታት ፈጀ። ሐኪሙ መጨረሻ የጠጣበት ዕለት፣ ሰኔ 10 ቀን 1935፣ «አልኮሆሊክስ አኖኒመስ» የተባለው ማኅበር የተወለደበት ቀን ሆኖ ይከበራል። በ1942 ስብሰባው ሳን ክዌንቲን ወደሚባለው የካሊፎርኒያ ወህኒ ቤት ገባ፤ በ1953 ደግሞ በዚያው በካሊፎርኒያ የአደንዛዥ ዕፅ ሱሰኞች ማኅበር ተቋቋመ።

ኤቢ ራሱስ? እውነቱን ለመናገር ደጋግሞ ወደቀ። ያዳነው ሰው ቆሞ እርሱ የወደቀባቸው ዓመታት ብዙ ናቸው። ቢል ግን ያነሣኝ እርሱ ነው ማለቱን እስከ መጨረሻው አልተወም፤ ይረዳውም ነበር። ኤቢ በ1966 ሲሞት ከመጠጥ ነጻ ነበር። ልጃቸው ለሁለተኛና ለሦስተኛ ጊዜ ሲመለስበት ያዩ ወላጆች ይህን ቢያውቁ ደግ ነው ብለን ጻፍነው።

አሁን «ይህ የክርስቲያኖች ነገር ነው፤ እኛ ምን አገባን?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ማኅበሩ ኋላ ከኦክስፎርድ ቡድን ተለይቷል። በአሥራ ሁለቱ ደረጃዎቹም ውስጥ የኢየሱስ ስም አልተጻፈም፤ እግዚአብሔርን ሰው ሁሉ በሚያውቀው መንገድ እንዲጠራ ይተዋሉ። ራቢ አብርሃም ትወርስኪ ምስክር ናቸው። በ1930 በሚልዎኪ ከሐሲዲም ቤተሰብ የተወለዱ ራቢ፣ ኋላም የአእምሮ ሐኪም የሆኑ፣ ፒትስበርግ ውስጥ የካቶሊክ መነኮሳት ባቋቋሙት ሆስፒታል ለ20 ዓመት የሠሩ ሰው ናቸው። በ1972 ጌትዌይ የተባለውን የሱሰኞች ማገገሚያ መሠረቱ። ደረጃዎቹ ከአይሁድ የንስሐ ትምህርት ጋር እንደሚስማሙ በብዙ መጻሕፍታቸው ጽፈዋል። በ2021 እዚህ እስራኤል ውስጥ ሲያርፉ፣ በቀብራቸው ሙገሳ እንዳይነገር አዝዘው ስለ ነበር ራሳቸው የደረሱት «ሆሺያ ኤት አሜካ» የተባለው ዜማ ተዘመረ። ዜማውን ብዙዎቻችሁ በምኩራብ ሰምታችሁታል።

ደግሞስ ኑዛዜ ለእኛ እንግዳ ነውን? በስግድ ቀን ጾመን ተራራ የምንወጣው ምን ልንል ነው?

በእስራኤልም እነዚህ ስብሰባዎች በዕብራይስጥ ይካሄዳሉ። ክፍያ የላቸውም፤ የአባት ስም አይጠየቅም። ለቤተሰብ የተለየ ስብሰባም አለ፤ ይህን በ1951 ከመሠረቱት አንዷ የቢል ሚስት ሎይስ ናት። ባልዋን ስትሸፍንና ስታስታምም ዓመታት ያሳለፈች ሴት ስለ ነበረች፣ የእናቶቻችን ድካም የሚገባት ይመስለናል።

ለእስረኛ ቤተሰብ አንድ ነገር እናክል። በ1983 በወጣ ሕግ የእስረኞች ማቋቋሚያ ባለሥልጣን አለ። ልጁ ከመፈታቱ በፊት፣ ገና ወህኒ ሳለ፣ ማኅበራዊ ሠራተኛዋን ስለ ማገገሚያ እቅድ ይጠይቅ። ያለ ጊዜው እንዲፈታ ጉዳዩ ለኮሚቴ ሲቀርብ ይህ እቅድ ከሚታዩት ነገሮች አንዱ ነው። ከወጣ በኋላ መጀመር ይከብዳል፤ የድሮ ጓደኞቹ ደጃፍ ላይ ይጠብቁታልና። ሌሊት የጨነቀው ሰው ደግሞ በ1201 ወደ ዔራን መደወል ይችላል።

የሚቀረው የቋንቋው ነገር ነው። ዕብራይስጥ ገና ያልዘለቀው አባት በስብሰባው ተቀምጦ ምን ይሰማል? ከእናንተ መካከል ከመጠጥ ወይም ከዕፅ ወጥቶ፣ ምናልባትም ወህኒን አይቶ፣ አሁን በሰላም የሚኖር ሰው ካለ ከአንድ እንደዚህ ካለ አባት ጋር በአማርኛ ቡና ሊጠጣ ይፈቅድ እንደሆነ ለሰፈሩ ማኅበራዊ ሠራተኛ ይንገርልን። ስሙን በዚህ ጋዜጣ አናወጣም።