ዘይቱ የት ይገባል? የፈጣን መኪኖች የዘይት ፍጆታ በፊዚክስ ዓይን

የአንድ መኪና የሞተር ዘይት ከቅያሪው ጊዜ በፊት ሲጎድል ባለቤቱ በቅድሚያ የሚጠረጥረው መፍሰስን ነው። ከሞተሩ ሥር የወደቀ ጠብታ ካልተገኘ ግን ዘይቱ አብዛኛውን ጊዜ ከነዳጁ ጋር ተቃጥሎ በጭስ ማውጫው ወጥቷል ማለት ነው። ይህን ብዙዎች የብልሽት ምልክት አድርገው ይወስዱታል። ይሁን እንጂ ከፍተኛ አቅም እንዲያመነጩ በተሠሩ ሞተሮች ዘንድ የዘይት መቃጠል ሁልጊዜ ብልሽት አይደለም። በፎርሙላ ዋን ውድድር ደግሞ ሕግ እስኪወጣበት ድረስ አከራክሯል። ለመሆኑ ነገሩ እንዴት ነው?

የ14 ናኖሜትር ሒሳብ

ፒስተን በሲሊንደር ውስጥ ሲመላለስ ሁለቱ ብረቶች በቀጥታ እንዳይፋተጉ በመካከላቸው ስስ የዘይት ሽፋን ሊኖር ይገባል። ሽፋኑን የሚቆጣጠሩት ፒስተኑን የከበቡት ቀለበቶች ናቸው፤ በጋራዥ ቋንቋ ፋሻ ይባላሉ። የላይኞቹ ጋዝ ወደ ታች እንዳያመልጥ ሲከላከሉ፣ የታችኛው ትርፉን ዘይት እየጠረገ ወደ ቋቱ ይመልሳል። ዘይቱ ሙሉ በሙሉ ከተጠረገ ግን ብረት ብረትን ይበላል። ስለዚህ በግድግዳው ላይ ጥቂት ማይክሮሜትር ውፍረት ያለው ዘይት መቅረቱ የግድ ነው። ከዚህም ላይ ኢምንት የሆነ ክፍል በየዑደቱ ይቃጠላል።

ምን ያህል ኢምንት እንደሆነ እናስላ። አንዳንድ አምራቾች በመመሪያ መጽሐፋቸው በ1,000 ኪ.ሜ. እስከ 1 ሊትር ዘይት መጉደሉን እንደ ጤናማ ይቆጥሩታል። ይህም በ100 ኪ.ሜ. 0.1 ሊትር ነው። ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 3,000 ጊዜ እየዞረ መኪናውን በሰዓት 100 ኪ.ሜ. ያስኬዳል እንበል። በእያንዳንዱ ሲሊንደር ቃጠሎ የሚከናወነው በየሁለት ዙሩ አንድ ጊዜ በመሆኑ፣ በአንድ ሰዓት በጠቅላላው 360,000 ቃጠሎዎች ይኖራሉ። 0.1 ሊትሩን ለእነዚህ ብናካፍል ለእያንዳንዱ ቃጠሎ የሚደርሰው 0.28 ኪዩቢክ ሚ.ሜ. ገደማ ነው። የሲሊንደሩ ስፋትና የፒስተኑ ምልልስ እያንዳንዳቸው 80 ሚ.ሜ. ቢሆኑ፣ ይህ መጠን በግድግዳው ላይ ሲዘረጋ ውፍረቱ 14 ናኖሜትር ያህል ይሆናል፤ የሰው ፀጉር ውፍረት 5,000ኛ እጅ ማለት ነው። ባለሙያው ሊቆጣጠረው የሚታገለው ይህን ያህል ጥቃቅን መጠን ነው።

ፈጣን ሞተር ሲሆን ትግሉ ይበረታል። ቀለበቶቹ ግድግዳውን አጥብቀው ከተጫኑ ዘይት ይቆጥባሉ፤ በሰበቃ ግን አቅም ያባክናሉ። ላላ ካሉ ሰበቃው ይቀንሳል፤ የሚያልፈው ዘይት ግን ይጨምራል። ፒስተኖቹም በኃይለኛ ሙቀት ስለሚለጠጡ በዙሪያቸው ሰፋ ያለ ክፍተት ይተውላቸዋል። በተጨማሪም ከታች የሚከማቸው ጋዝ የዘይት ጉም ይዞ ወደ አየር ማስገቢያው ይመለሳል። እንግዲህ የዘይት ፍጆታ በከፊል ለፍጥነት የሚከፈል ዋጋ ነው።

ዘይት ነዳጅ ሲሆን

በተራ የቤንዚን ሞተር የተቃጠለ ዘይት ለነጂው አንዳች ጥቅም አይሰጥም። ሞተሩ በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ ቃጠሎውን የሚገድበው አየሩ ነው፤ ነዳጅ እንደልብ አለ። ኦክሲጅኑ ካለቀ ተጨማሪ ተቃጣይ ነገር ማስገባት ሙቀት አይጨምርም። ጉዳቱ ግን ብዙ ነው፦ ሰማያዊ ጭስ ይወጣል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ በዘይቱ ውስጥ ያለው ፎስፎረስም በጭስ ማውጫው ላይ የተገጠመውን የጋዝ ማጣሪያ ካታሊስት ያዳክማል።

እ.ኤ.አ. በ2014 ፎርሙላ ዋን ባለ 1.6 ሊትር ቱርቦ ሞተር ሲያስገባ ግን ይህ ሚዛን ተገለበጠ። እስከ 2025 ድረስ በጸናው ደንብ መሠረት ወደ ሞተሩ የሚገባው ነዳጅ በሰዓት ከ100 ኪ.ግ. መብለጥ አይችልም ነበር፤ ይህንንም በአልትራሳውንድ ሞገድ የሚሠራ መለኪያ ይከታተለው ነበር። አየሩ ግን በቱርቦው እየታመቀ በትርፍ ይገባል። በዚህ ጊዜ ገዳቢው ነዳጁ ሆነ። ትርፍ ኦክሲጅን ባለበት ደግሞ በመለኪያው በኩል ሳያልፍ የገባ ማንኛውም ተቃጣይ ነገር ተጨማሪ አቅም ይሰጣል። የሞተር ዘይት በዚያ መለኪያ አያልፍም።

ትርፉ ምን ያህል ነው? አንድ ኪ.ግ. ነዳጅ ሲቃጠል 43 ሜጋ ጁል ገደማ ይሰጣል ብንል፣ በሰዓት 100 ኪ.ግ. ማለት 1,200 ኪሎ ዋት ያህል ሙቀት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የተፈቀደው የዘይት ፍጆታ በ100 ኪ.ሜ. 1.2 ሊትር ነበር። በሰዓት 200 ኪ.ሜ. አማካይ ፍጥነት ይህ በሰዓት 2.4 ሊትር፣ ማለትም 2 ኪ.ግ. ገደማ ይሆናል። የዘይት የሙቀት መጠን ከነዳጅ እምብዛም ስለማይርቅ፣ ሁሉም በጥሩ ሁኔታ ቢቃጠል 24 ኪሎ ዋት ሙቀት ይጨምራል። ግማሹ ወደ ሥራ ቢለወጥ 12 ኪሎ ዋት፣ ማለትም 16 የፈረስ ጉልበት ያህል ነው። አሸናፊና ተሸናፊ በሰከንድ ክፍልፋይ በሚለዩበት መስክ ይህ ትንሽ አይደለም። ከዚህም ሌላ ነዳጁ ያለጊዜው እንዳይፈነዳ የሚከላከሉ ውሕዶች በዘይት በኩል ሊገቡ ይችላሉ የሚል ሥጋት ነበር።

ተፎካካሪ ቡድኖች ጥያቄ በማንሳታቸው ዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን ገደቡን ደረጃ በደረጃ አጠበቀ። በዚያው በ2017 ከጣሊያን ግራንድ ፕሪ ጀምሮ ለሚቀርቡ አዲስ ሞተሮች 0.9፣ በ2018 0.6፣ በ2020 ደግሞ 0.3 ሊትር በ100 ኪ.ሜ. ሆነ። በ0.3 ሊትር ከላይ ያሰላነው ትርፍ ወደ 4 የፈረስ ጉልበት ይወርዳል።

የሚለካውና የማይለካው

ለሳይንስ ተማሪ ቁም ነገሩ ከውድድሩ ያልፋል። የአንድ ሞተር ብቃት የሚሰላው የሰጠውን ሥራ ለገባው ኢነርጂ በማካፈል ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 መርሴዲስ የፎርሙላ ዋን ሞተሩ በሙከራ ክፍል ከ50 በመቶ በላይ ብቃት ላይ መድረሱን አስታውቆ ነበር። እንዲህ ያለ አኃዝ ባየን ቁጥር ልንጠይቅ የሚገባን «በተካፋዩ ሥር የተጻፈው ምን ምን ነው?» ብለን ነው። ሁለት በመቶ ያህል ተቃጣይ ነገር ሳይመዘገብ ቢገባ፣ በእውነቱ 49 በመቶ የሆነ ብቃት 50 በመቶ መስሎ ይታያል። ሞተሩ አልተሻሻለም፤ የጎደለው መዝገቡ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2026 ጀምሮ የፎርሙላ ዋን ደንብ የነዳጁን ፍሰት የሚገድበው በክብደት ሳይሆን በኢነርጂ ነው፤ ጣሪያውም በሰዓት 3,000 ሜጋ ጁል ነው። የፊዚክስ ሊቃውንት ከሚጠቀሙበት ሒሳብ ጋር ይበልጥ የሚስማማ ደንብ ነው። የኢነርጂ ጥበቃ ሕግ አንዱን ነዳጅ፣ ሌላውን ዘይት ብሎ አይለይም። በቤተ ሙከራም ሆነ በጋራዥ የአንድን ሞተር ፍጆታ የሚመዘግብ ተማሪ፣ ከነዳጁ መጠን ጎን የዘይቱን ልክ ከሙከራው በፊትና በኋላ መመዝገብ ይኖርበታል።