ማዞሩ ለምን ይተዋል?

ለካፋ ሰው ስለ ቡና ሐራራ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ከሐራራው ጀርባ ግን አንጎል ራሱን የሚለውጥበት ኬሚስትሪ አለ። ካፌይን አዴኖሲን የተባለው የድካም መልእክተኛ የሚያርፍባቸውን ተቀባዮች ይዘጋል። ዕለት ዕለት ሲዘጉበት አንጎል ተጨማሪ ተቀባዮች ያበጃል። ቡናው የቀረ ዕለት አዴኖሲኑ ሁሉንም ይይዛቸዋል፤ ራስ ይፈለጣል።

ውስጠኛው ጆሮ ሲጎዳም አንጎል ወደዚሁ ብልሃት ይዞራል። የሰውነት ሚዛን ከሚጠበቅባቸው መንገዶች አንዱ በሁለቱም ጆሮዎች ውስጥ ያሉ አካላት ናቸው፤ ዝም ብለን ብንቀመጥ እንኳ ነርቮቻቸው ምልክት መላክ አያቋርጡም፤ በጦጣዎች ሲለካ ከአንድ የነርቭ ክር በሰከንድ 90 ገደማ ነው። በቫይረስ ወይም ሥር በሰደደ የሚመግል ጆሮ ምክንያት አንደኛው ጎን ዝም ሲል፣ አንጎል ራሳችን እየዞረ ይመስለዋል። ቤቱ ይሽከረከራል፣ ዓይን አልረጋ ይላል፣ ያስመልሳል።

የሚገርመው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ጤነኛው ወገን በተጎዳው በኩል ያሉትን የአንጎል ግንድ ሕዋሳት ጋባ በተባለ ኬሚካል ጸጥ ያሰኛቸዋል። በቤተ ሙከራ እንስሳት እንደታየው ግን እነዚህ ሕዋሳት ጋባን ቀስ በቀስ መስማት ይተዋሉ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከጆሮው ምንም ሳይደርሳቸው በራሳቸው ምልክት መላክ ይጀምራሉ። ሂስታሚንና ቢዲኤንኤፍ የተባለው የነርቭ ማሳደጊያ ፕሮቲንም ያግዟቸዋል። የጆሮው የሞቱ ሕዋሳት ግን እንደነበሩ አይመለሱም። ዶሮ ብንሆን ኖሮ እንተካቸው ነበር!

ቁጭ ባሉበት የሚሰማው ማዞር እንዲህ በራሱ ይተዋል። የቦንጋን ዳገት በክረምት ጭቃ ለመውጣት ግን ይህ አይበቃም፤ አንጎል ይህን የሚማረው ከእንቅስቃሴ ብቻ ነው። ስለዚህ ሐኪሞች ጣትን ፊት ለፊት አቁሞ፣ ዓይንን ከጣቱ ሳይነቅሉ ራስን ግራና ቀኝ ማዞርን የመሰለ ልምምድ ያዛሉ። መጀመሪያ ያጥወለውላል፤ መማሪያው ግን እሱ ነው። አልጋ ላይ መዋልና ማስታገሻ ኪኒን ማዘውተር መዳኑን ያዘገያሉ።

ማዞር የሚመላለስበት የውስጠኛ ጆሮ በሽታ ያለባቸው፣ «ቡና ተው» የሚባሉ የሜኒየር ሕመምተኞችም አሉ። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ የኮክሬን ግምገማ ይህን ምክር የሚደግፍ ብቁ ጥናት አላገኘም። ማዞሩ ከእጅ መዛል፣ ከንግግር መኮላተፍ ወይም ነገርን ሁለት አድርጎ ከማየት ጋር በድንገት ከመጣ ግን የጆሮ ነው ብላችሁ አትጠብቁ፤ ሳትውሉ ሳታድሩ ሆስፒታል ሂዱ።