ባሕርን ኮልፌ ላይ ማኖር

እንግዳ ጠርቶ ማደሪያ አለማሰናዳት ነውር ነው። ከሩቅ ባሕር መጥቶ በመስታወት ሣጥን የሚኖር ፍጥረትም እንግዳ ነውና፥ በኮልፌ ቀራንዮ ቤቱ ኮራል ለማኖር የሚመኝ ወጣት ሁሉ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት የእንግዳውን ጠባይና የራሱን ሰፈር አየር መርምሮ ማወቅ ይገባዋል።

ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ ሕያው እንስሳ ነው። በሥጋው ውስጥ ረቂቅ አልጌዎች ይኖራሉ፤ እነርሱም በብርሃን ኃይል ምግብ አዘጋጅተው ያካፍሉታል። ውኃው ከልኩ በላይ ሲሞቅ ይህ ኅብረት ይፈርሳል፤ አልጌዎቹ ይወጣሉ፥ ኮራሉም ነጥቶ ይራባል። ከለመደው የበጋ ሙቀት 1 ዲግሪ ብቻ ጨምሮ ለሳምንታት ቢቆይ ለዚህ ጉዳት ይበቃል። በሚያዝያ ወር 2016 ዓ.ም. አራተኛው ዓለም አቀፍ የኮራል መንጣት መድረሱ የተገለጸው በዚሁ ምክንያት ነው። ብርቱ ብርድም እንደዚሁ ይገድለዋል። ስለዚህ ባለሙያዎች የቤቱን ውኃ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው መካከል ይጠብቁታል።

በምጽዋ ጠረፍ ለሚኖር ሰው ጭንቀቱ ውኃውን ማቀዝቀዝ ነው። በቤቴል ወይም በአየር ጤና ለሚኖር ሰው ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት የአዲስ አበባ አየር ከ10 ዲግሪ በታች የሚወርድበት ጊዜ አለና። ባሕር ሰፊ ስለሆነ ቀስ ብሎ ይሞቃል፥ ቀስ ብሎም ይበርዳል፤ ትንሽ ሣጥን ግን በአንድ ሌሊት ይለወጣል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። 100 ሊትር ውኃ በ1 ዲግሪ ለማሞቅ 100 ኪሎካሎሪ ያስፈልጋል። ባለ 200 ዋት ማሞቂያ በሰዓት 172 ኪሎካሎሪ ያህል ይሰጣል። እንግዲህ ምንም ሙቀት ባይባክን እንኳ የጠፋውን አንድ ዲግሪ ለመመለስ 35 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ከአንድ ትልቅ ማሞቂያ ይልቅ ሁለት ትንንሽ ማኖር ይሻላል፤ አንዱ ቢቋረጥ ሌላው ይረዳል፥ አንዱ አልጠፋ ቢልም ብቻውን ውኃውን ቶሎ አያፈላም።

መብራት ሲጠፋ ግን ከብርዱ የሚቀድም አደጋ አለ፤ እርሱም የትንፋሽ ማጣት ነው። ሰፈራችን ከባሕር ወለል ከ2,200 ሜትር በላይ ስለሆነ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳሩ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ በውኃ የሚሟሟው ኦክሲጅንም በዚያው መጠን ያንሳል። ሞቃት ውኃ ደግሞ ከቀዝቃዛው ያነሰ ኦክሲጅን ይይዛል። ስለዚህ መብራት በጠፋ ጊዜ በመጀመሪያ በባትሪ የሚሠራ የአየር መንፊያ ማስነሣት፥ ቀጥሎ ሣጥኑን በብርድ ልብስ መጠቅለል ነው። የፈላ ውኃ መጨመር ግን ጨዉን ያቀጥናል፥ ሙቀቱንም በድንገት ይለውጣል።

ቴርሞሜትሩን ጧትና ማታ አንብቦ በደብተር የሚመዘግብ ሰው ጉዳቱን ከመድረሱ በፊት ያውቃል። ይህን ትጋት የማይችል ወይም ለመብራት መጥፋት ምትክ ያላዘጋጀ ሰው ግን ወርቃማ ዓሣ ቢያሳድግ ይሻለዋል። እርሱ የቀዝቃዛ ውኃ ፍጥረት ስለሆነ፥ ሰፊና ንጹሕ ውኃ ካገኘ በኮልፌ ቤት ያለ ማሞቂያ ይኖራል። በሚችሉት ልክ መጀመር አያሳፍርም፤ የሚያሳፍረው ሕይወት ያለውን ፍጥረት ለጌጥ ገዝቶ በብርድ መግደል ነው።