ላስቲክና ጀሪካን

በአጣዬ ገበያ ማሽላውና ማሾው ዝናብ እንዳይመታው የሚሸፈንበት ላስቲክና ውኃ የሚቀዳበት ጀሪካን ሁለቱም ከአንድ ጋዝ፣ ከኤቲሊን፣ ይሠራሉ። ታዲያ አንዱ ለስላሳ ሌላው ጠንካራ የሆነው ለምንድን ነው?

ምሥጢሩ ያለው በሰንሰለቱ ቅርንጫፍ ላይ ነው። ለላስቲክ የሚሆነው ፖሊኤቲሊን እ.ኤ.አ. በ1933 በእንግሊዝ አገር በአጋጣሚ የተገኘ ሲሆን፣ ከ1,000 አትሞስፌር በላይ በሆነ ግፊት በነፃ ራዲካል አማካይነት ይዘጋጃል። ራዲካል ያልተጣመረ ኤሌክትሮን የያዘ፣ ዕረፍት የሌለው ቅንጣት ነው። በሚያድገው ሰንሰለት ጫፍ ያለው ራዲካል አንዳንድ ጊዜ ወደ ኋላ ይታጠፍና ከጫፉ አምስተኛ ከሆነው ካርቦን ላይ ሃይድሮጅን ይነጥቃል። እድገቱ ከዚያ ሲቀጥል የተቀሩት አራት ካርቦኖች አጭር ቅርንጫፍ ሆነው ይቀራሉ። የነጠቀው ከሌላ ሰንሰለት ከሆነ ደግሞ ረጅም ቅርንጫፍ ይበቅላል።

ቅርንጫፋም ሰንሰለቶች እንዳልተመለመለ ጭራሮ ናቸው፤ ተጠጋግተው አይደረደሩም። የላስቲኩ እፍጋት በኩብ ሴንቲ ሜትር 0.92 ግራም ገደማ ሲሆን፣ በካታሊስት ተሠርቶ ሰንሰለቱ ቀጥ ያለው የጀሪካኑ ግን 0.95 ያህል ነው። ልስላሴው የመጣው ከዚህ ነው።

ይሁንና ቅርንጫፉ ዕዳም አለበት። ሰንሰለቱ የሚከፈልበት ካርቦን ሃይድሮጅኑን በቀላሉ ስለሚያጣ ለፀሐይና ለኦክስጅን ጥቃት ይበልጥ የተጋለጠ ነው። በይፋት ቆላ ፀሐይ የከረመ ላስቲክ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ ይሰባበራል እንጂ በቶሎ አይበሰብስም። ስብርባሪው ከማሳው አፈር ጋር ይቀላቀላል፤ ከብትም ከሣሩ ጋር ይግጠዋል።