ቆጠራው በጥቅምት ነው

በጥቅምት፣ ዝናቡ ካበቃ በኋላ፣ በላስታ ከኩልመስክ ከተማ በላይ ባለው ዳገት አንድ የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያ ደብተሩን ይዞ ይወጣል። በሐምሌ ጭቃ ከተተከሉት ችግኞች ስንቱ እንደጸደቀ ሊቆጥር ነው። አንድ የደረቀ የጽድ ችግኝ ሲነቅል ሥሩ በፕላስቲኩ ውስጥ እንደተጠቀለለ ይወጣል፤ ሲተከል ፕላስቲኩ አልተቀደደለትም። ጎረቤቱ ጸድቋል፣ ጫፉን ግን ፍየል ግጦታል።

ይህ ባለሙያ አንድ ዩኒቨርሲቲ በዘላቂ ልማት መምራቱን የሚለካው በዚህ ዳገት ነው። በግቢ ውስጥ የፀሐይ ኃይል መጠቀምም ሆነ ቆሻሻን መለየት መልካም ነው። ተማሪዎች በአውቶቡስ መጥተው ችግኝ መትከላቸውም ያስደስተዋል። እሱ የሚጠብቀው ግን በጥቅምት ተመልሶ የሚቆጥር ነው።

የዩኒቨርሲቲ ምርምር ምን ያህል ሊሠራ እንደሚችል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ብዙ አንባቢ በ«እመጓ» መጽሐፋቸው የሚያውቃቸው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ የደን ሥነ ምህዳር ተመራማሪም ናቸው። በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንተው በ2007 እ.ኤ.አ. ከኔዘርላንዱ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን አግኝተዋል። በደኖቹ ውስጥ 168 የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። የብዙዎቹ ነባር ዛፎች ዘር አፈር ውስጥ ለዓመታት ተቀምጦ አይጠብቅም፤ እናት ዛፉ ከጠፋች ተተኪም የለም። ከብት በሚገባበት ደን ደግሞ ቡቃያ በቀላሉ አያድግም። ጥናቱ መደርደሪያ ላይ አልቀረም። ከአሜሪካዊቷ ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማንና ከካህናቱ ጋር ሆነው በደኖቹ ዙሪያ የድንጋይ ካብ አስካቡ። ድንጋዩ የተለቀመው ከአካባቢው ማሳ ስለሆነ ገበሬውም ለማረስ የተመቸ መሬት አገኘ። ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነጻ ማድረግ ማለት ይህ ነው።

ላስታም የራሱ ማስረጃ አለው፤ የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ያለበትን ዋሻ የከበበው ያረጀ የጽድ ደን። ዙሪያው ሲራቆት እሱን ያቆየው የካህናቱና የምእመናኑ ጥበቃ ነው።

ለላስታ ደጋ ቅርቡ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ2004 ዓ.ም. ማስተማር ጀመረ፤ አሥር ዓመት ገደማ ሲሆነው በሰሜኑ ጦርነት ተዘረፈ። ከዚያ መነሣቱ ራሱ ትልቅ ሥራ ነው። የግብርና ትምህርቱ የሚሰጠው ግን ዝቅ ብሎ በሚገኘው ሞቃታማው መርሳ ላይ ነው፤ የላስታው አቡነ ዮሴፍ ተራራ ደግሞ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው። በመርሳ ሙቀት ውርጭን መማር አይቻልም። ባለሙያው ዩኒቨርሲቲው በላስታ ደጋ ላይ ቋሚ የጥናት ማሳ እንዲኖረው ይመኛል፦ ጽድ፣ ኮሶና አስታ ጎን ለጎን ተተክለው፣ አንዱ ተማሪ ሲመረቅ ቀጣዩ ደብተሩን ተረክቦ ለሃያ ዓመት የሚቆጥሩበት።

በአንድ ወቅት ለመመረቂያ ጽሑፏ የመጣች ተማሪ ከእሱ ጋር ለሁለት ሳምንት ዳገት ለዳገት ስትለካ ሰንብታ ነበር። ገበሬዎቹ ውሃ አጠጥተዋት፣ ቆሎ አቅርበውላት፣ የጠየቀቻቸውን ሁሉ መለሱላት። ጽሑፉ ወደ ቀበሌው አልተመለሰም። ገበሬዎቹ ግን የእሷ ልኬት ምን እንዳሳየ እስከ ዛሬ ባለሙያውን ይጠይቁታል። የችግኝ ጉድጓድ ቁፋሮ የሚጀመረው በግንቦት ነው፤ ከዚያ በፊት ሁለት ገጽ በአማርኛ ተጽፎ በቀበሌው ስብሰባ ቢነበብ፣ የትኛው ዳገት ላይ ምን እንደሚተከል እነሱው ይወስኑ ነበር።